የተራራው መንገድና የመንገዱ መሪ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)






የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች በበዓል ቀን አንድ ጉዳይ መርጠው መናገራቸው የቆየ ልማድ ነው። ከእኛ በፊት የነበሩት ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ ጤና አጠባበቅና ስለ እርሻ ተናግረዋል። እኛ ደግሞ ሰዎች በሩቅ አገር ተራሮች ላይ በመሪ እየተመሩ በቢስክሌት ስለሚያደርጉት ጉዞ ለመናገር መርጠናል። ርእሱን ለመምህራችን ባቀረብን ጊዜ ፈገግ አሉና፣ «ቢስክሌት የጨዋታ ዕቃ አይደለምን? ለወላጆች ምን ይጠቅማቸዋል?» ሲሉ ጠየቁን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱን እስከ ንግግራችን መጨረሻ ለመስጠት እንጥራለን።

ከመካከላችን የሂማላያን ወይም የአንዲስን ተራራ በዓይኑ ያየ የለም። የምንናገረው በንባብና በጂኦግራፊ ትምህርት ያገኘነውን ነው፤ የምንጠራቸውም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ነገር ግን አንድ ነገር በራሳችን ላይ ደርሷልና ከእርሱ እንጀምራለን።

ባለፈው ሰኔ ፈተናችንን በጨረስን ማግስት አራት ሆነን ከከተማ ቢስክሌት ተከራየን። ከከተማው በላይ ወዳለው ተራራ እየገፋን ወጣንና እንጨት ተሸካሚዎችና አህዮች በሚመላለሱበት ጠባብ መንገድ ለመውረድ ተሰናዳን። ሌሊቱን ዘንቦ ስለ ነበረ መሬቱ ያዳልጥ ነበር። ከመንገዱ ዳር ከብት የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ፣ «ልጆቼ፣ በዚህ አትውረዱ፤ ከታች ዳሩ ተንዷል። በጥዶቹ በኩል ዞራችሁ ሂዱ» አሉን። እኛም በትሕትና እጅ ነሣናቸው፤ ጥቂት ራቅ ካልን በኋላ ግን ተሳሳቅን። ካርታ የምናነብ እኛ፣ ስለ አፈር መሸርሸር ፈተና የጻፍን እኛ፣ እርሳቸው ምን ሊያስተምሩን ነው ብለን። ብዙም ሳንርቅ የአንደኛው ጓደኛችን ፍሬን እምቢ አለውና ከተናደው ዳር ሁለት ክንድ ያህል ሲቀረው ወደቀ፤ ቀኝ ክንዱም ተሰበረ።

ሽማግሌው ጩኸታችንን ሰምተው ወረዱ። ክንዱን በመቀነታቸው አስረው፣ በአህያቸው ላይ አስቀምጠው እስከ አውራ ጎዳናው አደረሱን። አንድም የወቀሳ ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ስንለያይ ብቻ፣ «መንገድ እንደ ሰው ነው፤ ትናንት የነበረው ዛሬ ይለወጣል። በቅርብ ያለፈበትን ሰው መጠየቅ ነው እንጂ» አሉን።

ክቡራን ወላጆቻችን ሆይ፣ በዚያን ዕለት ማታ ጓደኛችን ኳስ ሲጫወት ወደቀ ብለን ነግረናችሁ ነበር። እውነት አልነበረም። ዛሬ በሁሉ ፊት እውነቱን ተናግረን ይቅርታችሁን እንለምናለን። ጓደኛችን ድኖ ከመካከላችን ተቀምጧል፤ ይህንንም እንድንናገር የፈቀደልን እርሱ ራሱ ነው። ስለ ተራራ ቢስክሌት ማንበብ የጀመርነውም ከዚያን ቀን ወዲህ ነው። ሌሎች ሰዎች ይህን ነገር እንዴት አድርገው በደኅና ይሠሩታል? የሚል ጥያቄ በልባችን ቀርቶ ነበርና።

በቢስክሌት ተራራ መሻገር አዲስ ነገር አይደለም። በ1897 በአሜሪካ አገር ጄምስ ሞስ የሚባል መኮንን የ25ኛው እግረኛ ሬጅመንት 20 ጥቁር ወታደሮችን ይዞ፣ ሞንታና ውስጥ ካለው ከሚዙላ ምሽግ ተነሥቶ እስከ ሴንት ሉዊስ ከተማ 1,900 ማይል ያህል በቢስክሌት ተጓዘ። ጉዞው 41 ቀን ፈጀ። የያኔው ቢስክሌት ከባድና ማርሽ የሌለው ነበረ፤ ጭቃውም ጎማውን ይይዘው ስለ ነበረ ወታደሮቹ ብዙ ጊዜ ተሸክመውት ወይም በባቡር ሐዲድ ላይ እየገፉት ሄዱ። ይሁን እንጂ ከተራራው ይልቅ የጎዳቸው በኔብራስካ አሸዋማ ምድር የጠጡት መጥፎ ውሃ ነበር። የማያውቁት አገር ውሃው እንኳ ጠላት ይሆናል።

ዛሬ የተራራ ቢስክሌት የምንለው ግን በካሊፎርኒያ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተ ሰሜን ባለው በማሪን አውራጃ የተወለደ ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት ጥቂት ወጣቶች ወፍራም ጎማ ያላቸውን አሮጌ ቢስክሌቶች እየጠገኑ ከተራራ ላይ መውረድ ጀመሩ። በኦክቶበር 1976 «ሪፓክ» የተባለውን ውድድር አደረጉ። የስሙ ምክንያት ያስቃል። በቁልቁለቱ ላይ የኋላው ፍሬን እጅግ ስለሚግል ውስጡ ያለው ግራሶ ተቃጥሎ ይጨስ ነበር፤ ከእያንዳንዱ ውረድ በኋላ እንደገና ግራሶ መሙላት ያስፈልግ ነበርና «እንደገና መሙላት» ብለው ሰየሙት። በ1977 ጆ ብሪዝ ለዚሁ ሥራ ተብሎ የታሰበ አዲስ ቢስክሌት ሠራ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላም ፋብሪካዎች በብዛት ማውጣት ጀመሩ። በ1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ ጨዋታ ውድድሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባ። መሣሪያው እየተሻሻለ በሄደ መጠን ሰዎች ከሠፈራቸው ኮረብታ አልፈው የዓለምን ታላላቅ ተራሮች ተመኙ። በዚህ ጊዜ ነው መሪ ያስፈለገው።

ከእነዚህ ሩቅ ስፍራዎች ሦስቱን ብቻ እናሳያችሁ።

የመጀመሪያው በደቡብ አሜሪካ፣ በቦሊቪያ ያለው የዩንጋስ መንገድ ነው። ከላ ፓዝ ከተማ በላይ፣ ላ ኩምብሬ ከሚባለው 4,650 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ብርዳም ስፍራ ተነሥቶ፣ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ቁልቁል ሄዶ፣ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው ቆላ ይደርሳል። ተጓዡ ጠዋት ካፖርት ለብሶ ይነሣና ከቀትር በኋላ በሸሚዝ ብቻ ሙዝ ከሚበቅልበት ይገባል። ደጋና ቆላ በአንድ ቀን ማለት ነው። መንገዱ በ1930ዎቹ ዓመታት ሲሠራ በቻኮ ጦርነት የተማረኩ የፓራጓይ ወታደሮች ደክመውበታል። በብዙ ቦታ ስፋቱ ሦስት ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በአንድ ወገን ግድግዳ፣ በሌላው ወገን ገደል። በጁላይ 1983 አንድ አውቶቡስ ወድቆ ከ100 በላይ ሰዎች አለቁ። በ1995 የአሜሪካ አገሮች የልማት ባንክ ከዓለም መንገዶች ሁሉ አደገኛው ይህ ነው አለ። በ2006 ሌላ አዲስ መንገድ ተከፍቶ ካሚዮኖቹ ወደዚያ ሲዞሩ አሮጌው መንገድ በአብዛኛው ለቢስክሌተኞች ቀረ።

በዚያ መንገድ አንድ እንግዳ ሕግ አለ። በቀረው የቦሊቪያ አገር መኪና በቀኝ ሲነዳ፣ በዚህ መንገድ ግን በግራ ይነዳል፤ የሚወርደውም የገደሉን ዳር ይይዛል። ምክንያቱም ሾፌሩ በግራ በኩል ስለሚቀመጥ ጎማው ከዳሩ ምን ያህል እንደ ራቀ አንገቱን አውጥቶ ማየት ይችላል። ለሚወጣውም መኪና ቅድሚያ ይሰጠዋል። ይህን ያላወቀ መንገደኛ፣ ቢስክሌት መንዳት የቱንም ያህል ቢችል፣ በመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ይሳሳታል። ስለዚህ መሪው ከመነሣቱ በፊት ሁሉን ሰብስቦ ይናገራል፤ የያንዳንዱን ፍሬን በእጁ ይፈትሻል፤ በየጥቂቱ እያቆመ የሚቀጥለው መታጠፊያ እንዴት እንደ ሆነ ያስረዳል። እንዲህም ሆኖ ከመሪ ጋር የወረዱ ሰዎች ሞተዋል። ነገሩ ቀልድ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ሁለተኛው በሕንድ ሰሜን ያለው ላዳክ ነው። ከማናሊ ከተማ እስከ ሌ ከተማ ያለው መንገድ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ በብርድ ወራት በበረዶ ይዘጋል። በመንገዱ ላይ በየተራራው ጫፍ ያለው መሻገሪያ ሁሉ በ«ላ» ያልቃል፤ ባራላቻ ላ፣ ታንግላንግ ላ። «ላ» በዚያ አገር ቋንቋ እኛ ጣርማ በር እንደምንለው «በር» ማለት ነው። ከሌ በላይ ያለው ካርዱንግ ላ 5,359 ሜትር ከፍታ አለው፤ ይኸውም ከራስ ዳሸን በ800 ሜትር ያህል ይበልጣል። ከበሩ ላይ የቆመው ሰሌዳ ለብዙ ጊዜ 5,602 ሜትር ይል ነበር፤ በኋላ በመሣሪያ ሲለካ ግን ሰሌዳው ማጋነኑ ታወቀ። ብዙ ተጓዦች እስከዚህ በር በመኪና ተወስደው፣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወደ ሌ በቢስክሌት ይወርዳሉ።

እዚህ ላይ የሚገድለው ገደል ብቻ አይደለም፤ አየሩም ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 5,400 ሜትር ያህል ሲወጣ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳር ካለው ወደ ግማሽ ይጠጋል፤ ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክሲጂን በዚያው መጠን ይቀንሳል። እኛ የደጋ ልጆች ብንሆንም ከዚህ ነጻ አይደለንም፤ የሌ ከተማ ራሷ 3,500 ሜትር ላይ ናት። ሕመሙ በራስ ምታት፣ በማቅለሽለሽና በእንቅልፍ ማጣት ይጀምራል። ሲከፋ ሳንባ ውኃ ይይዛል ወይም አንጎል ያብጣል፤ ሰውዬውም ያልጠጣ ሰካራም መስሎ ቀጥ ብሎ መራመድ ያቅተዋል። ዋናው ፈውስ ወዲያው መውረድ ነው። ሐኪሞች ከ3,000 ሜትር በላይ የሚተኙበትን ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምሩ፣ በየሦስትና አራት ቀኑም አንድ ቀን እንዲያርፉ ይመክራሉ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለሂማላያ የተነገረ ይመስላል።

ጎበዝ ወጣት ግን ማረፍን አይወድም። ጓደኞቹ ፊት ራሱ እንደሚያመው አይናገርም። ስለዚህ መሪው ማታ ማታ የያንዳንዱን ፊት ያያል፤ ማን እራት እንዳልበላ ልብ ይላል፤ ማን ዝም እንዳለ ያውቃል። በቀጭን መስመር ላይ አራምዶ ይፈትነዋል። ከዚያም፣ «አንተ ነገ ትወርዳለህ» ይለዋል። ገንዘቡን ከፍሎ፣ አገር አቋርጦ የመጣ ሰው ይቆጣል፤ መሪውም ቁጣውን ችሎ ያወርደዋል።

ሦስተኛው የኔፓል ሙስታንግ ነው። የካሊ ጋንዳኪ ወንዝ ከዳውላጊሪና ከአናፑርና ተራሮች መካከል ይፈስሳል፤ ሁለቱም ከ8,000 ሜትር በላይ ናቸው። በዚህ ሸለቆ ውስጥ በየቀኑ ከረፋዱ ጀምሮ ኀይለኛ ነፋስ ከደቡብ ይነሣል፤ ቢስክሌተኛውን ከኮርቻው ሊጥለው ይችላል። አገሬው ይህን ስለሚያውቅ ማለዳ ተነሥቶ ይጓዛል። ላይኛው ሙስታንግ ለውጭ ሰዎች የተከፈተው በ1992 ሲሆን፣ ልዩ ፈቃድና መሪ ሳይዙ አይገባም። በዚያ አገር የበቅሎ ጭነት ሲመጣ ቢስክሌተኛው ወርዶ ይቆማል፤ የሚቆመውም በተራራው ወገን ነው እንጂ በገደሉ ወገን አይደለም። በገደሉ ወገን ከቆመ የበቅሎዋ ጭነት ገፍቶ ይጥለዋልና። ይህን የእኛ አገር ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከሩቅ ከተማ የመጣው እንግዳ ግን ካልተነገረው ከየት ያውቀዋል?

ከዚህ ስፍራ አጠገብ፣ ቶሮንግ ላ በሚባለው 5,416 ሜትር ከፍታ ባለው በር አካባቢ፣ በኦክቶበር 2014 ድንገተኛ የበረዶ ማዕበል ወረደ። በእግር የሚጓዙ እንግዶች፣ የኔፓል መሪዎችና የአገሩ እረኞች ጭምር፣ በጠቅላላው ከ40 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ማዕበሉ እንደሚመጣ ብዙዎቹ አልሰሙም ነበር። ከዓመታት በኋላ፣ በ2023፣ የኔፓል የቱሪዝም ባለሥልጣኖች የውጭ አገር እግረኞች መሪ እንዲይዙ ደንብ አወጡ። ነገር ግን ከሟቾቹ መካከል መሪዎችም እንደ ነበሩ መርሳት አይገባም። መሪም ሰው ነው፤ ሰማይን አያዝም። ታላቁ ሥራው ወደ ፊት መምራት ብቻ ሳይሆን፣ ሲያስፈልግ፣ «ዛሬ አንሄድም» ማለት ነው።

አሁን አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ የምትመልሱትን እናውቃለን፤ እኛም በክፍላችን ተከራክረንበታል።

ከመካከላችን አንዳንዶቹ፣ «በመሪ የሚሄድ ሰው ጀግና አይደለም፤ ጀግና መንገዱን ራሱ ያወጣል» አሉ። ሐሳቡ ማራኪ ነው፤ እኛም ተራራው ላይ ስንስቅ ያሰብነው ይህንኑ ነው። ነገር ግን መሪው የተጓዡን እግር አይተካም፤ ዳገቱን የሚወጣው ራሱ ተጓዡ ነው። ፍርሃቱንም የሚያሸንፈው ራሱ ነው። መሪው የሚያስቀርለት አንድ ነገር ቢኖር በማያስፈልግ ሞት መሞትን ነው። ይህ ደግሞ ጀግንነትን አይቀንስም።

ሌሎቹ ደግሞ፣ «ይህ የባለጠጎች ጨዋታ ነው፤ የቢስክሌቱ ዋጋ ከመንደሩ ሰው የዓመት ገቢ ይበልጣል» አሉ። በዚህ ላይ እውነት እንዳለ እንቀበላለን። ስለዚህ ጥያቄው ገንዘቡ ማን እጅ ይቀራል የሚለው ነው። እንግዳውን ከራሱ አገር አምጥቶ፣ ምግቡን ከከተማ ጭኖ፣ የአገሩን ሰው ሻንጣ ተሸካሚ ብቻ የሚያደርግ ድርጅት ለመንደሩ የሚተውለት አቧራ ነው። መሪው የዚያው ሸለቆ ልጅ ሲሆን፣ ማደሪያው የመንደሩ ቤት ሲሆን፣ ድንቹና እንቁላሉ ከእርሻው ሲገዛ ግን ወጣቱ ወደ ከተማ ሳይሰደድ በአባቱ አገር ይኖራል። መንገዱንም ይንከባከበዋል፤ ጎማ በእርጥብ መሬት ላይ ቦይ እንደሚቆፍርና ጎርፍ በዚያው ገብቶ እርሻ እንደሚወስድ ያውቃልና በዝናብ ወራት እንግዳውን በዚያ አያሳልፍም። የራሱ እርሻ ነው የሚጎዳው።

አሁን ወደ መምህራችን ጥያቄ እንመለስ። ይህ ሁሉ ለእኛና ለወላጆቻችን ምን ይጠቅማል?

ከእኛ መካከል ከተራራማ አውራጃ የመጣ አንድ ጓደኛ አለ። ስሙን አንጠራም። ትምህርቱን ሲጨርስ ወደ አገሩ ተመልሶ የተራራ መሪ ለመሆን ይፈልጋል፤ ነገር ግን ይህን ለአባቱ ለመናገር ፈርቷል። «ይህን ያህል ዓመት ያስተማርሁህ ወደ ፍየሎቹ መንገድ እንድትመለስ ነውን?» ይሉኛል ይላል። ከሌሎቻችንም ብዙዎች አስቀድመን ስቀንበታል፤ ለተማረ ሰው የሚገባው ወንበርና ጠረጴዛ ነው እያልን። ዛሬ እንዲህ ብለን እንመሰክርለታለን። የተራራ መሪ የሳንባንና የአንጎልን ሕመም ለይቶ ማወቅ አለበት፤ ደመናን ማንበብ አለበት፤ ፍሬንና ማርሽ መጠገን አለበት፤ ሁለት ሦስት ቋንቋ መናገር አለበት፤ ከሁሉ በላይ ለተቆጣ ሰው እውነትን መናገር አለበት። ይህ ሥራ ትምህርት ላነሰው የሚተው አይደለም። አገራችንም ተራራ አላት። የሰሜን ተራሮች በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብለው ተመዝግበዋል፤ እዚያ የሚገባው ጎብኚም የአካባቢውን ጠባቂ ይዞ ይጓዛል። ስለዚህ ሥራው በአገራችን ያልታወቀ አይደለም፤ የሚቀረው እኛ እንድናከብረው ነው።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ከዚህ በር ከወጣን በኋላ እያንዳንዳችን ወደማናውቀው ተራራ እንሄዳለን። ዩኒቨርሲቲ የሚገባ አለ፣ ሥራ የሚይዝ አለ፣ አገር አቋርጦ የሚሄድም ይኖራል። ካርታ ይዘናል ብለን መንገደኛውን መጠየቅ እንዳንንቅ ያ ቁልቁለት አስተምሮናል። በቋንቋችን የቢስክሌቱ መያዣም «መሪ» ነው፤ መንገድ የሚያሳየውም ሰው «መሪ» ነው። አንደኛው ከእጃችን አይለይ፤ ሁለተኛውን ግን ፈልገን፣ ጠይቀን፣ አክብረን ማግኘት አለብን።

ባለፈው ወር አራታችን እንደገና ወደዚያ ተራራ ወጥተን ነበር፤ አሁን ግን በእግራችን ነው። ሽማግሌውን አገኘናቸውና መቀነታቸውን አሳጥበን መለስንላቸው። ከዚያም የምንወርድበትን መንገድ ጠየቅናቸው። እርሳቸውም በትራቸውን አንሥተው ከፊታችን ሄዱ፤ እኛም ተከተልናቸው።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑር!